ጥያቄና መልስ፦ አልፓካ አዳማ ላይ ያዋጣል?

ይህ ዓምድ ስለ እንስሳት እርባታ ከአንባቢያን ለሚመጡ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥበት ነው። የዓምዱ አዘጋጅ አርሲና ምሥራቅ ሸዋ ውስጥ በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ያገለገሉና አሁን አዳማ ላይ በግ የሚያደልቡ እናት ናቸው።

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጅዳ ተመልሼ አዳማ ከገባሁ ትንሽ ቆየሁ። እዚያ ሠርቼ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለች። አባቴ ደግሞ ወደ ወንጂ መውጫ ግማሽ ሄክታር የምትሆን ቦታ አለው። ቲክቶክ ላይ አልፓካ የሚባለውን እንስሳ አይቼ ልቤ ተሰቀለ። ጸጉሩ በውድ ይሸጣል፣ ሣር ብቻ ነው የሚበላው፣ አያስቸግርም ይላሉ። አንድ ሰውዬ «ጥንድ አስመጣልሃለሁ፤ ሲወልዱ ግልገሎቹን እኔው መልሼ እገዛቸዋለሁ» ብሎኛል። ቀብድ ይፈልጋል። ቤተሰቤ «አብደሃል እንዴ?» ይለኛል። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ካላዋጣስ በገንዘቡ ምን ልሥራበት?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ለሀገርህ አበቃህ። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ቀብዱን አትክፈል።

ቤተሰብህ ግን «አብደሃል» ማለቱ ልክ አይደለም። እንስሳው በእውነት ደስ የሚል እንስሳ ነው፤ ያየኸውም ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። አልፓካ የአንዲስ ተራራ ልጅ ነው። ሀገሩ ፔሩ፣ ቦሊቪያና ቺሊ ነው። ከዓለም አልፓካ አብዛኛው ያለው ፔሩ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል። የዚያ አገር ሰዎች ቪኩኛ ከሚባለው የዱር ዘመዱ አላምደው ማርባት ከጀመሩ 6 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗል። እግሩ እንደ በግ ሰኮና ሳይሆን ከሥሩ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ መሬቱን አይቆፍረውም። ሣሩን ቆርጦ ይበላል እንጂ ከነሥሩ አይነቅልም። በጠጡን መንጋው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይጥላል፤ ግቢ ለማጽዳት እንዴት እንደሚመች አስበው። «አያስቸግርም» ያሉህ ይሄን አይተው ነው።

አሁን ወደ አዳማ እንምጣ። አልፓካ በሀገሩ የሚሰማራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ግልገሉ ብርዱ ሳይመጣ ደርቆ፣ ቆሞ፣ ጠብቶ እንዲያድር። አዳማ ደግሞ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሚያዝያና ግንቦት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ለአንተ አልነግርህም። የከፍታው ማነስ ብቻውን አይጎዳውም፤ እንግሊዝና አውስትራሊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይረባል። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ጀርባውን የሸፈነው ጸጉር ብርድ እንዳይገባ የተሠራ ነው፤ ሙቀትም እንዳይወጣ ያደርጋል። ሙቀቱን የሚያስወጣው ጸጉሩ በሳሳበት በሆዱና በጭኑ መካከል ነው። ስለዚህ ሞቃት አገር የሚያረቡት ሰዎች ውሃ የሚረጩት ከሥር ሆዱ ላይ ነው። ጀርባው ላይ ካፈሰስከው እርጥቡ ጸጉር ሙቀቱን ጭራሽ ያፍነዋል። ጥላ፣ ነፋስ፣ ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ ንጹሕ ውሃ፣ ከበጋው በፊት ሽልት። ይሄ ሁሉ ይቻላል። ግን ወጪ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ወጪ ብቻ ሳይሆን ጭንቀትም ነው።

ቀጥሎ ሆዷን እንይ። አልፓካ የምታረግዘው 11 ወር ተኩል ገደማ ነው፤ የምትወልደውም አንድ ብቻ ነው፤ መንታ ብርቅ ነው። በጥንድ ጀምረህ ሁሉ ነገር ቢሳካልህ፣ አንድም ግልገል ባይሞትብህ፣ በ5 ዓመት ከእናቲቱ የምታገኘው ቢበዛ 5 ግልገል ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ወንድ ይሆናል። በግ ግን በ5 ወር ትወልዳለች። በደንብ ከተያዘች በ2 ዓመት 3 ጊዜ ትወልዳለች። ደግሞ አልፓካ የመንጋ እንስሳ ነው። አንዱ ቢሞት የቀረው ብቻውን ሲሆን መኖ እስከ መተው ይደርሳል። ሁለት ብሎ መጀመር ራሱ ትንሽ ነው።

ጸጉሩስ? በጥሩ ሁኔታ የተያዘ አልፓካ በዓመት አንዴ ይሸለታል፤ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይወጣዋል። ከዚያም ውስጥ ጥሩው የጀርባና የጎኑ ነው። የአንገቱ፣ የእግሩና የሆዱ ሻካራ ስለሆነ ዋጋው ይወርዳል። አሬኪፓ በምትባለው የፔሩ ከተማ ባሉ ፋብሪካዎች ውስጥ ሴቶች የጸጉር ክምር ፊት ቁጭ ብለው በጣታቸው እየዳሰሱ የላመውን ከሻካራው ይለያሉ። እንደዚያ የሰለጠነ እጅ፣ እንደዚያ ያለ ማጠቢያ፣ እንደዚያ ያለ መፍተያ እዚያ አለ፤ ምክንያቱም 4 ሚሊዮን እንስሳ ከጀርባው አለ። አንተ በዓመት ይዘህ የምትቀርበው 5 ኪሎ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረህ ለማን ትወስደዋለህ?

ልብ በልልኝ፣ ፔሩም ቢሆን አርቢው ሀብታም አይደለም። አብዛኛው የኬችዋ ወይም የአይማራ ተናጋሪ የሆነ የደጋ ገበሬ ነው። ጸጉሩን በክብደት ለሚዞረው ነጋዴ ይሸጣል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ሰኔና ሐምሌ ውርጩ ሲበረታ ግልገሎቹ ያልቁበታል። ሱቅ ላይ ያየኸው የሹራብ ዋጋ እሱ ኪስ አይገባም። ይህን የምልህ የእኛን ገበሬ ስለማውቅ ነው፤ ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ፤ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። «ግልገሉን እኔው እገዛዋለሁ» ያለህ ነገር አሜሪካ ላይ በትልቁ ተሞክሯል። አልፓካ እዚያ በብዛት መግባት የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1984 ነው። በ1998 ደግሞ የዘር መዝገቡን ለውጭ እንስሳ ዘጉት፤ ከውጭ የሚመጣ አልፓካ አይመዘገብም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ጥሩ ዘር አላት የተባለች እንስት በ10 ሺህዎች ዶላር ትሸጥ ጀመር። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይነገር ነበር። ጡረተኛው፣ ከከተማ ወጥቶ መኖር የፈለገው ሁሉ ገዛ። ትርፉ ግን ከጸጉሩ አልነበረም። አንዱ አርቢ ለሚቀጥለው አርቢ ግልገል ይሸጥለታል፣ እሱም ለሚቀጥለው። በ2007 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ሒሳቡን ሠርተው ከጸጉሩ የሚገኘው ገቢ ይህን ዋጋ ፈጽሞ ሊሸከም እንደማይችል ጻፉ። ብዙም አልቆየ፣ የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ አዲስ ገዢ ጠፋ። በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛ እንስሳ በነጻ የሚወስደው የሚፈለግበት ጊዜ መጣ። እንስሳው ያው ነው፤ ጸጉሩም ያው ነው። የጠፋው የሚቀጥለው ገዢ ነው።

ስለዚህ ሰውዬውን እንዲህ ብለህ ጠይቀው። «ግልገሉን ከእኔ ገዝተህ ለማን ትሸጠዋለህ?» መልሱ «እንዳንተ ማርባት ለሚፈልግ» ከሆነ ነገሩ አልቋል። ሌላም ጠይቀው። የቁም እንስሳ ከውጭ ለማስገባት ከግብርናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከላኪው አገር የጤና የምስክር ወረቀት፣ እዚህም ሲደርስ ተለይቶ የሚቆይበት ቦታ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ያሳይህ። በቃል የሚነገር ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

«ቢቸግር አርጄ ሥጋውን እሸጣለሁ» እንዳትል። ፔሩ ላይ ሥጋው ይበላል። እዚህ ግን አልፓካ የግመል ዘመድ ነው፤ ያመሰኳል እንጂ የተሰነጠቀ ሰኮና የለውም። ግመል የማይበላው የኦርቶዶክስ ምእመን ለፋሲካ አልፓካ ገዝቶ ይገባል ብለህ ታስባለህ? አዳማ ላይ ደግሞ የሥጋ ገበያው ነፍስ በዓል ነው። ሐኪምም አስብ። የእኛ የእንስሳት ሐኪሞች በሬውን፣ በጉን፣ ፍየሉን አሳምረው ያክማሉ። የአልፓካ የትል መድኃኒት መጠን እንኳ ከበግ ይለያል። ሌሊት ብታምብህ ማንን ትጠራለህ?

«ካላዋጣ ምን ልሥራ» ላልከው፣ መልሴ በግ ማድለብ ነው። የምሠራው ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያለህበት ቦታ ለዚህ የተሠራ ስለሆነ ነው። ከላይህ አርሲ አለ፤ ዴራ፣ ኢተያ፣ አሰላ። በጉ ከዚያ ይወርዳል። አዳማ ዱቄት ፋብሪካ ስላላት ፉርሽካ አይጠፋም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጎረቤትህ ነው፤ የአገዳ ጫፍና ሞላሰስ አለ። ክትባቱን የሚያመርቱት ቢሾፍቱ ናቸው። ገዢው ደግሞ በርህ ላይ ነው።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ቅዳሜ የበግ ገበያ ሂድና ምንም ሳትገዛ ቆመህ የገዢውን እጅ ተመልከት። መጀመሪያ ወገቡን ይጨብጣል። ከዚያ እጁ ወደ ላቱ ይወርድና ከሥር ደግፎ ይመዝነዋል። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ቀለሙን ያየው ገና ከሩቅ ነው፤ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያውኑ አልቀረበም። ይህ እጅ ትልቅ ኃይል አለው። ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1967 የበግ ማራቢያ ማዕከል ሲቋቋም ኮሪዴል የሚባል የውጭ ዘር አምጥተው ከመንዝ በግ ጋር አዳቅለው ነበር። ዲቃላው ጸጉሩ ጥሩ፣ ቁመናውም ትልቅ ነው። ገበሬው ግን አልወደደውም። ላት የለውማ! ጭራው ቀጭን ነው። ገበያ ላይ እጁን የሚሰድ ገዢ የሚጨብጠው ነገር አጣ። በኋላ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ላታም ስለሆነ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። አልፓካ ስታስብ ይህን አስታውስ፤ አንድ እንስሳ ጥሩ መሆኑና ገበያው የሚያውቀው መሆኑ ይለያያል።

አንተ አድላቢ ስለሆንክ የምትፈልገው የሰባውን አይደለም። ወጣት፣ አጥንተ ትልቅ፣ ሥጋው የቀነሰ ወንድ በግ ፈልግ። ግን ከሲታ ሁሉ አይገዛም። የዓይኑን ሽፋን ዝቅ አድርገህ የውስጡን ቀለም እይ። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ትሉ ደሙን ጨርሶታል። ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ካለው ስንት ቢረክስ ተወው። የሚያስለውንና አፍንጫው የሚዝረከረከውንም እንደዚሁ።

ጊዜውን ልንገርህ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። በዓሉ ሲደርስ ገዝቶ ለበዓሉ ሊሸጥ ይሞክራል። አንተ ግዢህን የገና ገበያ እንዳለፈ አድርግ። ያልተሸጠው በግ ይመለሳል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፤ 55 ቀን ልኳንዳ ቤቱ ሁሉ ጭር ይላል። አንተ ያን ጊዜ እያደለብክ ነው። ከገና እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ወደ 3 ወር ከምናምን ነው፤ ለማድለብ የሚያስፈልግህም 90 ቀን ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ደግሞ ሰኔ ላይ ግዛ። ገበሬው ለማዳበሪያና ለዘር ብር የሚፈልግበት ወር ስለሆነ በጉ በብዛት ይወጣል። ለአረፋ ከሆነ ቀኑ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ እንደሚመጣ አስላ። ለአረፋ የሚፈለገው እንከን የሌለበት በግ ነው፤ ዓይኑ ደህና፣ የማያነክስ፣ ቀንዱ ያልተሰበረ፣ ጆሮው ያልተቆረጠ። በጎችህን ለመለየት ብለህ ጆሮ እንዳትቆርጥ፤ ቀለም ቀባ።

ያመጣሃቸውን በጎች ወዲያው መኖ ላይ አትልቀቃቸው። ለ2 ሳምንት ለብቻ አቆያቸው። የሆድ ትል መድኃኒት ይውሰዱ። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግረህ ለአባ ሰንጋ፣ ለበግ ፈንጣጣና ለደስታ መሰል በሽታ ይከተቡ። አዋሽ ዳር የጋጡ ከሆነ የጉበት ትል መድኃኒትም ይጨመርላቸው። መኖው እንዲህ ነው። ድርቆሽ እንደ ልብ፤ በላዩ ላይ ለአንድ በግ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ድብልቅ። ድብልቁ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ትንሽ ጨው። ከ100 ግራም ጀምረህ በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አሳድገው። ፉርሽካ ድንገት ከበዛበት በጉ ሆዱ ተነፍቶ በአንድ ሌሊት ይሞትብሃል፤ ደግሞ የሚሞተው አንደኛ በላተኛው፣ ደህናው በግ ነው። የአገዳ ጫፍ ሆድ ይሞላል እንጂ ገንቢነቱ ትንሽ ነው፤ ያለ ፋጉሎ አትተማመንበት። ሞላሰስ በውሃ አቅጥነህ ድርቆሹ ላይ ርጭት ብቻ። ከበዛ ያስቀምጣቸዋል። ለአንድ በግ 1 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ወለሉ ግን ደረቅ ይሁን።

በዚህ ሁኔታ አንድ የአርሲ በግ በ3 ወር ከ6 እስከ 9 ኪሎ ይጨምራል። በ10 በግ ጀምር። የመጀመሪያውን ዙር ራስህ መግብ፣ ራስህ አጽዳ፣ ራስህ ሽጥ። የቀረውን ገንዘብህን ባንክ ተወው።

ጥያቄ

የ9 ዓመት ልጄ አልፓካና ላማ የግመል ዘመድ ናቸው ብላ ትከራከረኛለች። ሻኛ የላቸው፣ ቁመታቸው አጭር፤ እንዴት ሆኖ? ደግሞ ሰው ላይ ይተፋሉ ትላለች። እውነት ነው?

አባት፣ ከአዳማ

መልስ

ልጅዎ ልክ ናት፤ አንድ ነገር ገዝተው ይሸልሟት። የግመል ዘር መጀመሪያ የተገኘው ሰሜን አሜሪካ ነው። ከዚያ አንዳንዶቹ ወደ እስያ ተሻገሩ፤ የእኛ ግመል ከእነዚያ ወገን ነው። ሌሎቹ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ ደቡብ አሜሪካ ወረዱ፤ ላማና አልፓካ ከእነዚህ ናቸው። ሰሜን አሜሪካ የቀሩት ከጊዜ በኋላ ጠፍተዋል። ዝምድናቸው ምን ያህል እንደሆነ እንድታይ ይህን ይንገሯት፦ እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ዱባይ ላይ በሰው ሠራሽ ዘዴ ከግመልና ከላማ የተወለደ ዲቃላ አለ፤ ካማ ብለውታል። ሻኛ የለውም፤ ጆሮው እንደ ግመል አጭር ነው።

መትፋቱም እውነት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተፉት እርስ በርሳቸው ነው። መኖ ሲሻሙ ወይም አንዱ ሌላውን ሲያናድደው። ያረገዘች እንስት ወንዱ ሲጠጋት ትተፋበትና ትሸሻለች። አርቢዎቹም ማርገዟን አንዱ የሚያውቁበት መንገድ ይሄ ነው። ሲረጋጉ ደግሞ እንደሚያንጎራጉር ሰው «ህምም» ይላሉ። ልጅዎ ይህን ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ጥያቄ

ዘመዱ ከሆነማ ግመሉን ራሱን አዳማ ዳር ባረባስ? የግመል ወተት ፈላጊው እየበዛ ነው።

ከአዳማ

መልስ

ከተማ ዳር ባለ አጥር ግቢ ውስጥ አልመክርዎትም። ግመል የሚኖረው እየተንቀሳቀሰ ቁጥቋጦ በመቀንጠብ ነው፤ እርግዝናውም 13 ወር ነው። መተሐራና ፈንታሌ ያሉት ከረዩዎች ይህን ሥራ ከአያት ከቅድመ አያት ይዘውታል፤ የግመሉን ጠባይ፣ በሽታውን፣ የሚበላውን እንጨት ሁሉ ያውቃሉ። እርስዎ ወተቱን ከእነሱ ተረክበው በንጹሕ ዕቃ፣ በቅዝቃዜ አዳማ የሚያደርሱ ሰው ቢሆኑ ይሻላል። ወተቱን ግን ሳይፈላ አይሽጡ፣ አይጠጡም። የውርጃ በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ያደረበትን ሰው ለረጅም ጊዜ በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ያሠቃየዋል።

ጥያቄ

ሰላም እትዬ። ሐዋሳ ላይ ለሕፃናት ኮፍያና ሹራብ እየሠራሁ እሸጣለሁ። አንድ ነጋዴ «መቶ በመቶ አልፓካ» የሚል ክር በውድ አምጥቶልኛል። እውነተኛ መሆኑን እንዴት ልወቅ? ለሕፃናትስ ይሆናል? ክሩ ላይ «ቤቢ» የሚል አለው፤ የግልገል ጸጉር ማለት ነው? በሀገራችን ሱፍስ ብሠራ?

ሹራብ ሠሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ሥራሽ ይባረክ። ክሩን ዛሬውኑ ቤትሽ መፈተን ትችያለሽ። ሳህን ላይ ውሃ አድርጊ። ከክሩ ጣት የምታክል ቁረጪና በወረንጦ ያዢው፤ ከሳህኑ በላይ አድርገሽ ክብሪት ጫሪበት። የእንስሳ ጸጉር ከሆነ እሳቱን ቶሎ አይቀበልም፤ ክብሪቱን ስታርቂው ይጠፋል። ሽታው በዓል ቀን የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተው ነው፤ አትስቺውም። የቀረውን አመድ በጣትሽ ስትጫኚው ይደቃል። አክሪሊክ ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ጠጠር የሚያህል ጥቁር ጠንካራ ነገር ይተዋል። የላስቲክ ሽታ አለው። ጥጥ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነድና ግራጫ አመድ ይሆናል። የሚንጠባጠበው ያቃጥላልና ልጆች አጠገብሽ አይኑሩ። ይህ ፈተና ጸጉርን ከላስቲክ ይለይልሻል እንጂ አልፓካን ከበግ አይለይልሽም፤ ለዚያ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቢቃጠልና ጸጉር ጸጉር ቢሸት እንኳ «መቶ በመቶ» ለሚለው ዋጋ ሙሉውን ከመክፈልሽ በፊት ነጋዴውን ከየት እንደገዛው ደረሰኝ ጠይቂው።

«ቤቢ» የሚለው የላመበትን ደረጃ ነው የሚነግርሽ። ውፍረቱ 22 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) አካባቢ የሆነ ጸጉር ሁሉ ከአዋቂ አልፓካ ቢመጣም እንደዚያ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ከመጀመሪያው ሽልት ነው። አልፓካ እንደ በግ ጸጉር ቅባት የለውም፣ ይሞቃል፣ ቆዳም ብዙ አያሳክክም። ለሐዋሳ ሕፃን ግን ምን ያደርግለታል? ሐይቅ ዳር በቀትር የሱፍ ኮፍያ የደፋ ሕፃን ላቡ ሽፍታ ያወጣበታል። እናት ደግሞ የሕፃን ልብስ በየቀኑ ማጠብ ትፈልጋለች፤ አልፓካና ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ ይኮማተራል፣ ተመልሶም አይዘረጋም። እኔ አንቺን ብሆን ለሕፃናቱ በጥጥ ክር እሠራለሁ። አልፓካውን፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ለደጋ ሰው ሻርፕ አድርጊው። ከነአጠባበቁ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ፦ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጨመቅ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ከወጣ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ገመድ ላይ ከተሰቀለ ይረዝማል።

የሀገራችን ሱፍ ሲነሳ ልቤ ወደ መንዝ ይሄዳል። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ባና እና ዝተት የሚባሉ የሱፍ ልብሶች አድርጎ ይሠራዋል። የመንዝ ሌሊት ምን እንደሆነ ያደረበት ያውቃል፤ ያን ብርድ የሚመክተው ይህ ልብስ ነው። ጸጉሩ ግን ሻካራ ነው፤ ለሕፃን ቆዳ አይሆንም። ለቦርሳ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለወለል ምንጣፍ፣ ለግድግዳ ጌጥ ግን ግሩም ነው፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ሳይቀባ በተፈጥሮው አለ። ሐዋሳ ለጎብኚ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። ከደብረ ብርሃን ገበያ የተፈተለ ክር አስልኪና በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ትራስ ሠርተሽ ሱቁ ላይ አስቀምጪ፤ ከሄደልሽ ከፈታዮቹ ጋር በቀጥታ ተዋዋዪ። ክሩ ሲደርስሽ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥቢው፤ የበጉ ቅባትና ሽታው ከላዩ ሳይለቅ ደንበኛ እጅ እንዳይገባ።